የመቺ ማደናቀፍ (ቤዝቦል)

የመቺ ማደናቀፍ በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ የሚመታው ተጫዋች ከኋላው ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀውን የተጋጣሚ ቡድን ኳስ ተቀባይ ሥራውን እንዳይሠራ ሲያሰናክለው የሚፈረድ ጥፋት ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው ከተቀባዩ ጀርባ የሚቆመው የሆም ፕሌት ዳኛ ነው። በአብዛኛው መቺው አውት ይሆናል፣ ሯጮችም ወደነበሩበት ቤዝ ይመለሳሉ። ሕጉ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል የሕግ መጽሐፍ አንቀጽ 6.03 ሥር ተጽፏል።

ሕጉ ሲነበብ አጭር ነው። ሲፈረድበት ግን ከጨዋታው አስቸጋሪ ውሳኔዎች አንዱ ይሆናል። ዳኛው የሚጠየቀው መቺው ምን አስቦ እንደነበር ሳይሆን ተቀባዩን በእርግጥ አግዶት እንደሆነ ነው። ጥፋቱን አይቶም ቢሆን ወዲያው ጨዋታውን አያስቆምም፤ ተቀባዩ የወረወረው ኳስ ምን ውጤት እንዳመጣ መጠበቅ አለበት። ብዙ ተመልካች ዳኛው ተሳስቷል ብሎ የሚጮኸው ይህን መጠበቅ ባለማወቅ ነው።

ሜዳውና ተጫዋቾቹ

በቤዝቦል አራት ቤዞች ካሬ ሠርተው ይቀመጣሉ። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 27.43 ሜትር ነው። መነሻውም መድረሻውም ሆም ፕሌት የሚባለው ነጭ የጎማ ሰሌዳ ነው። ወርዋሪው በ18.44 ሜትር ርቀት ላይ ካለች ጉብታ ሆኖ ኳሱን ወደ ሆም ፕሌት ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታው ይሞክራል፤ ካልመታው ኳሱ ከኋላ በተቀመጠው ተቀባይ ጓንት ውስጥ ያርፋል። ለመምታት ሞክሮ መሳት ስትራይክ ይባላል። ሦስት ስትራይክ የተቆጠረበት መቺ አውት ነው፤ ከቡድኑ ሦስት ሰው አውት ሲሆን የመምታቱ ተራ ወደ ተጋጣሚው ያልፋል። ቤዞቹን ሁሉ ረግጦ ወደ ሆም ፕሌት የተመለሰ ሯጭ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል።

ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ኳስ እስኪመታለት መጠበቅ ግዴታው አይደለም። ወርዋሪው መወርወር ሲጀምር ተነስቶ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሊሮጥ ይችላል፤ ይህም ቤዝ መስረቅ ይባላል። ስርቆቱን የማክሸፉ ሥራ የተቀባዩ ነው። ኳሱን ይይዛል፣ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፣ ወደ ሁለተኛው ቤዝ 38.8 ሜትር ያህል ይወረውራል። የሜጀር ሊግ ተቀባይ ይህን ሁሉ የሚጨርሰው በ2 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ጥቂት የሰከንድ ክፋይ ብትጨመር ሯጩ ያመልጣል። ለዚህም ነው መቺው አንዲት እርምጃ መንገድ ላይ መግባቱ ይህን ያህል ዋጋ ያለው።

መቺው የሚቆምበት ቦታ በመስመር የታጠረ ነው። በሆም ፕሌቱ ግራና ቀኝ በኖራ የተሰመሩ ሁለት ክልሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 1.22 ሜትር ስፋትና 1.83 ሜትር ርዝመት ሲኖራቸው ከሆም ፕሌቱ የሚርቁት 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀኝ መቺ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ባለው ክልል ይቆማል፤ ግራኝ መቺ ደግሞ በአንደኛው ቤዝ በኩል። በመሆኑም መቺው ቀኝ ከሆነና ተቀባዩ ወደ ሦስተኛ ቤዝ መወርወር ከፈለገ፣ መቺው ከፊቱ ተገትሮ ያገኘዋል። መቺው እዚያ በመቆሙ ብቻ ግን ጥፋተኛ አይባልም። ቦታው የተሰጠው ነውና።

ጥፋት የሚሆነው መቼ ነው

ሕጉ መቺው ከክልሉ ወጥቶ ተቀባዩ ኳስ እንዳይዝ ወይም እንዳይወረውር ማደናቀፉን ይከለክላል። ከክልሉ ሳይወጣም ቢሆን ተቀባዩ በሆም ፕሌቱ ላይ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ የሚያሰናክል ሌላ ማንኛውም ድርጊት ከፈጸመ ጥፋተኛ ነው።

በተደጋጋሚ የሚታየው እንዲህ ያለው ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለ። ወርዋሪው ኳሱን ከሆም ፕሌቱ ወደ ውጭ ያሸሸዋል። ቀኝ መቺው ሊደርስበት ዱላውን በኃይል ሲሰነዝር ይስተዋል፤ ሚዛኑን ያጣና በሆም ፕሌቱ ላይ እየተንገዳገደ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል። ሯጩ በዚያው ቅጽበት ወደ ሁለተኛ ቤዝ እየሮጠ ነው። ተቀባዩ ለመወርወር ሲነሳ የመቺውን ጀርባ ከፊቱ ያገኛል፤ ይጋጫሉ፣ ወይም ተቀባዩ ለመሸሽ ብሎ ክንዱን ያጣምማል፣ ኳሱም አቅጣጫውን ይስታል።

መቺው እዚህ ላይ ምንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ተንገዳግዶ ነው። ሕጉ ግን ይህን አይጠይቅም። ከክልሉ ወጥቶ ተቀባዩን ካገደ፣ ሳያስብ ያደረገው ቢሆንም አውት ነው። በእግር ኳስ የእጅ ንክኪ ሲያጋጥም ‹ሆን ብሎ ነው፣ አይደለም› የሚለውን ክርክር ለለመደ ሰው ይህ ጨካኝ ፍርድ ሊመስለው ይችላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሆን ተብሎ መሆኑ መረጋገጥ ቢኖርበት ኖሮ እያንዳንዱ መቺ መንገዳገድን እንደ ሙያ በተማረ ነበር፤ ዳኛውም የሰው ልብ የሚያነብበት መሣሪያ የለውም።

በተቃራኒው ደግሞ በክልሉ ውስጥ ቆሞ ተራ እንቅስቃሴ የሚያደርግ መቺ ከመንገድ እንዲጠፋ አይጠበቅበትም። ዱላውን ሰንዝሮ፣ ኳሱን ስቶ፣ እዚያው ባለበት የቀረ መቺ ላይ ተቀባዩ ሄዶ ቢጋጭ ወይም የወረወረው ኳስ ቢነካው ጥፋት የለም። ብልጥ ተቀባይ ይህን ስለሚያውቅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወይም ወደፊት ወጥቶ መወርወሪያ መንገድ ያበጃል።

ከዚህ በመነሳት በብዙ ሜዳዎች ‹በክልሉ ውስጥ እስካለህ ማንም አይነካህም› የሚል እምነት ይሰማል። ግማሹ ብቻ ነው እውነት። በክልሉ ውስጥ ሆኖ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት፣ ዱላን ተቀባዩ ፊት ማንሳት፣ የመወርወሪያውን መስመር እያዩ ወደዚያ መጠጋት ሁሉ ሕጉ ‹ሌላ ማንኛውም ድርጊት› ያለው ውስጥ ይገባሉ።

በሆም ፕሌቱ ላይ ሯጭን ለማስወጣት በሚደረግ ፍልሚያ ጊዜም መጠለያው ይፈርሳል። ለምሳሌ ኳሱ ከተቀባዩ አምልጦ ወደ ኋላ ተንከባለለ፤ ከሦስተኛ ቤዝ ሯጭ እየመጣ ነው፤ ወርዋሪው ሆም ፕሌቱን ሊጠብቅ ሮጦ ደርሷል፤ ተቀባዩም ኳሱን አንስቶ ሊወረውርለት ነው። መቺው በዚህ ጊዜ ‹ክልሌ ነው› ብሎ ተገትሮ መቅረት አይችልም። የአጥቂው ቡድን አባላት ተከላካዩ ለመጫወት የሚያስፈልገውን ቦታ እንዲለቁ ሕጉ ያዛል። ዳኛው የሚመዝነው መቺው ለመልቀቅ ጊዜ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ነው። በአንድ ሰከንድ ክፋይ ውስጥ የተፈጸመ ከሆነ አያስጠይቀውም፤ ቆሞ ለማየት ጊዜ ከነበረው ግን ለመውጣትም ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

ዳኛው የሚፈርድበት መንገድ

የሆም ፕሌት ዳኛው በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ሥራ ይበዛበታል። መጀመሪያ ኳሱ ስትራይክ መሆን አለመሆኑን መወሰን አለበት፤ ቀጥሎ መቺው ዱላውን በእርግጥ መሰንዘሩን፤ ቀጥሎ ተቀባዩ ኳሱን መያዙን። በዚህ ሁሉ መካከል የመቺውን እግርና የተቀባዩን ክንድ ማየት ይኖርበታል። ሌሎቹ ዳኞች እንደየቦታቸው ሯጩንና ቤዞቹን ስለሚከታተሉ፣ በአደናቃፊነቱ ላይ ዋናው ምስክር እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ማደናቀፉን ካየ በእጁ ወደ መቺው እያመለከተ ጥፋቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። ኳሱ ግን አልሞተም፤ ዳኛው ጨዋታውን ሳያስቆም የተቀባዩን ውርወራ በዓይኑ ይከተላል። ኳሱ ደርሶ ሯጩ በቀጥታ አውት ከሆነ፣ ሕጉ ማደናቀፍ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። ሯጩ አውት ነው፤ መቺው ይድናል፣ መምታቱንም ይቀጥላል፤ ሌሎች ሯጮች ቢኖሩና በዚያ ጊዜ ቤዝ ቢያልፉ ያለፉበት ይጸናላቸዋል። ውርወራው ሯጩን ካላስወጣ ግን ዳኛው ጨዋታውን ያስቆማል፤ መቺው አውት፣ ሯጮቹም ማደናቀፉ ሲፈጸም ወደነበሩበት ቤዝ ይመለሳሉ።

ይህ አካሄድ በእግር ኳስ ዳኛው ጥፋት አይቶ ‹ቀጥሉ› እያለ እጁን ከሚዘረጋበት ጋር ይመሳሰላል። የተበደለው ቡድን በራሱ ጥረት ካገኘው ጥቅም ፊሽካው እንዳያስቀረው ነው። ልዩነቱ የቤዝቦሉ መጠበቅ በጣም ጠባብ መሆኑ ነው። የሚጠበቀው የተቀባዩ የመጀመሪያ ውርወራ ብቻ ነው። ሯጩ በሁለት ቤዞች መካከል ተይዞ ወዲያና ወዲህ መሯሯጥ ከተጀመረ ዳኛው ቆሞ አያይም፤ ወዲያው ያስቆምና መቺውን ያስወጣል። መጀመሪያ ላይ የነበረው ዕድል አልፏልና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የሚደናቀፍ ነገር መኖር አለበት። ሯጩ ካልሮጠ፣ ተቀባዩም ለመወርወር ካልተነሳ፣ መቺው ሆም ፕሌቱ ላይ ቢንገዳገድም የሚፈረድ ጥፋት አይኖርም። ልምድ የሌለው ዳኛ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ እግሩ ከመስመር መውጣቱን እንዳየ ይጮኻል። በመስመሩና በእግሩ የሚጀምር ፍርድ መጨረስ ያለበት በተቀባዩ ላይ ነው።

ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው

ጥፋቱ የመቺው ቢሆንም አውት የሚሆነው ሁልጊዜ እሱ አይደለም። ለጀማሪ ተመልካች ግራ የሚያጋባው ይህ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

መቺው ሦስተኛ ስትራይኩን ስቶ አውት ከሆነ በኋላ በዚያው እንቅስቃሴ ተቀባዩን ቢያደናቅፍስ? እሱ ቀድሞውኑ ወጥቷል፤ ሁለት ጊዜ ሊወጣ አይችልም። ቅጣት ባይኖር ኖሮ ደግሞ የወጣ መቺ የሚያጣው ነገር ስለሌለው እንደልቡ በተቀባዩ ላይ በወደቀ ነበር። ስለዚህ በአንቀጽ 6.01 መሠረት ተቀባዩ ሊያስወጣው የሞከረው ሯጭ በጓደኛው ጥፋት አውት ይባላል። በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ይወጣል። ሁለተኛ ቤዝን ቀድሞ የረገጠ፣ ልብሱን እያራገፈ የተነሳ ሯጭ ዳኛው ወደ እሱ ሲያመለክት የሚያሳየው መገረም ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላው ሯጩ ከሦስተኛ ቤዝ ተነስቶ ሆም ፕሌቱን ሊሰርቅ ሲመጣ መቺው የሚያደናቅፍበት ነው። አውት የሆኑት ተጫዋቾች ከሁለት በታች ከሆኑ የሚወጣው ሯጩ ነው፤ ምክንያቱም ተከላካዩ ቡድን ሊያገኝ የነበረው እሱን ነው። ሁለት ሰው ወጥቶ ከነበረ ግን መቺው ራሱ ሦስተኛ አውት ይሆናል፣ ነጥቡም አይቆጠርም። ውጤቱ ለተመልካች አንድ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ኢኒንግ መጀመሪያ የሚመታው ማን እንደሆነ ግን ይለያያል።

የዱላው መልስ ዙር

መቺው ኳሱን ስቶ ዱላውን በኃይል ሲያዞር፣ ዱላው ሙሉ ዙር ሠርቶ ከኋላ ያለውን ተቀባይ ወይም ኳሱን ሊነካ ይችላል። ይህ ሳያስበው ከሆነ የሕጉ ማብራሪያ ለየት ያለ መካከለኛ ፍርድ ያስቀምጣል። ስትራይክ ብቻ ይቆጠራል፤ ማደናቀፍ አይባልም፤ ኳሱ ግን ይሞታል፣ ማንም ሯጭ ወደፊት አይሄድም። ተቀባዩ ከተመታም በኋላ ወርውሮ ሯጩን በቀጥታ ካስወጣ ግን ያ ይጸናል።

ይህች መካከለኛ ፍርድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2017 በዋሽንግተን ከተማ ትልቅ ክርክር አስነስታለች። የዋሽንግተን ናሽናልስና የቺካጎ ከብስ በአምስተኛውና በወሳኙ የማጣሪያ ጨዋታ ተገናኝተው ነበር። በአምስተኛው ኢኒንግ ከብስ 5 ለ 4 እየመሩ፣ ሁለት ሰው ወጥቶባቸው፣ ሃቪየር ባዬዝ ሦስተኛ ስትራይኩን ሳተ። ኳሱ ግን ከተቀባዩ ማት ዊተርስ አምልጦ በእግሮቹ መካከል አለፈ። በቤዝቦል ሦስተኛው ስትራይክ ካልተያዘ፣ በተለይ ሁለት ሰው ወጥቶ ከሆነ፣ መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጥ ይፈቀድለታል። ባዬዝ ሮጠ። ዊተርስ ኳሱን ተከትሎ አንስቶ ወረወረ፤ ውርወራው ስቶ ወደ ቀኝ ሜዳ ሄደ፤ ሯጭ ገብቶ 6 ለ 4 ሆነ።

ዊተርስ ወዲያው ለዳኛው ያመለከተው የባዬዝ ዱላ በመልስ ዙሩ የራስ ቁሩን መንካቱን ነበር። ለዳኞች በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት እንዲህ ያለው ንክኪ ባልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ ላይ ሲያጋጥም ኳሱ ይሞታል፣ መቺውም አውት ነው። ያ ቢደረግ ኢኒንጉ እዚያው ያልቅ ነበር። የሆም ፕሌት ዳኛው ጄሪ ሌይን ግን ኳሱ ተቀባዩን ካለፈ በኋላ የደረሰች ቀላል ንክኪ በጨዋታው ላይ ያመጣችው ለውጥ የለም ብሎ ፈረደ። ናሽናልስ በዚያ ኢኒንግ ሌላም ነጥብ ተቆጠረባቸው፤ ጨዋታውንም 9 ለ 8 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ።

የሌይን አመለካከት ለማደናቀፍ በአጠቃላይ ከሚሠራው መለኪያ ጋር ይስማማል፤ ተቀባዩ በእርግጥ ታግዷል ወይ? ችግሩ የመልስ ዙር ንክኪ በጽሑፉ ላይ ይህ መለኪያ የተነሳለት መሆኑ ነው። ጽሑፉ ‹ከነካ› ይላል እንጂ ‹ነክቶ ከጎዳ› አይልም። በዚህ ረገድ የናሽናልስ ወገን ክርክር ሚዛን ይደፋል።

የመልስ ውርወራ

ተቀባዩ ኳሱን ከያዘ በኋላ ለወርዋሪው መልሶ መወርወሩ በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚደጋገም፣ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2015 በቶሮንቶ ግን ሁሉም ልብ አለው።

የቶሮንቶ ብሉ ጄይስና የቴክሳስ ሬንጀርስ በወሳኝ አምስተኛ ጨዋታ በሰባተኛው ኢኒንግ 2 ለ 2 ነበሩ። የቴክሳሱ ሩግኔድ ኦዶር ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነበር፤ ሁለት ሰው ወጥቷል። መቺው ደቡብ ኮሪያዊው ሺን-ሱ ቹ በክልሉ ውስጥ ሆኖ፣ ለሚቀጥለው ኳስ ሲዘጋጅ ዱላውን የያዘ እጁን ዘርግቶ ነበር። የቶሮንቶው ተቀባይ ራስል ማርቲን ኳሱን ለወርዋሪው ሲመልስ ኳሱ የቹን ዱላ ነክቶ ወደ ሦስተኛ ቤዝ በኩል ተንከባለለ። ኦዶር ሮጦ ገባ።

የሆም ፕሌት ዳኛው ዴል ስኮት በመጀመሪያ ጨዋታውን አስቁሞ ነጥቡን ከለከለ። የቴክሳስ አሰልጣኝ ጄፍ ባኒስተር ወጥቶ ተከራከረ። ዳኞቹ ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ ውሳኔው ተገለበጠ፤ ነጥቡ ተቆጥሮ 3 ለ 2 ሆነ። ምክንያቱም መቺው በክልሉ ውስጥ ከሆነና ሆን ብሎ ለማደናቀፍ ካልተንቀሳቀሰ፣ የተቀባዩ መልስ ውርወራ እሱን ወይም ዱላውን ቢነካ ኳሱ ሕያው ነው። ተመልካቹ ዕቃ ወደ ሜዳ እየወረወረ ጨዋታው ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ የቶሮንቶ አሰልጣኝ ጆን ጊበንስም ጨዋታው የሚቀጥለው በይግባኝ መሆኑን አስመዘገበ። ይግባኙ አላስፈለገም። በዚያው ኢኒንግ ሆሴ ባውቲስታ ሦስት ነጥብ ያስገኘ ምት መትቶ ቶሮንቶ 6 ለ 3 አሸነፈች።

እዚህ ላይ ሐሳብ የሚጠየቅ መሆኑ ከላይ ከተባለው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። ቹ ከክልሉ አልወጣም፣ ያልተለመደ እንቅስቃሴም አላደረገም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ሊያደርገው የሚችለው አውቆ ማገዱ ብቻ ነበር። ነጥቡ መቆጠሩ ለቶሮንቶ ደጋፊ ቢመርም ፍርዱ ትክክል ነበር።

የ1975ቱ ግጭት

ከቶሮንቶው ጨዋታ በትክክል 40 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1975፣ በሲንሲናቲ የተከሰተው ግጭት በማደናቀፍ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ይጠቀሳል። ሲንሲናቲ ሬድስና ቦስተን ሬድ ሶክስ የዎርልድ ሲሪስ ሦስተኛ ጨዋታቸውን እያደረጉ ነበር። ቦስተን በዘጠነኛው ኢኒንግ 5 ለ 5 አድርሳ ጨዋታው ወደ አሥረኛው ተሻገረ።

በአሥረኛው ሴሳር ጄሮኒሞ አንደኛ ቤዝ ደረሰ። ተከትሎት የገባው የባሃማስ ተወላጁ ኤድ አርምብሪስተር ነበር። አርምብሪስተር ዱላውን ሳይሰነዝር ኳሱን በቀስታ ነክቶ መሬት ላይ ጣላት፤ ኳሷ ከሆም ፕሌቱ ፊት ነጥራ ወደ ላይ ወጣች። ተቀባዩ ካርልተን ፊስክ ሊያነሳት ወደፊት ሲወጣ፣ ለመሮጥ የዘገየው አርምብሪስተር ከፊቱ ነበርና ተጋጩ። ፊስክ ኳሷን ይዞ ጄሮኒሞን ለማስወጣት ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረ፤ ውርወራው ከፍ ብሎ ወደ መሃል ሜዳ አለፈ። ጄሮኒሞ ሦስተኛ፣ አርምብሪስተር ሁለተኛ ቤዝ ደረሱ። የሆም ፕሌት ዳኛው ላሪ ባርኔት ማደናቀፍ የለም አለ። የቦስተን አሰልጣኝ ዳሬል ጆንሰንና ፊስክ አጥብቀው ቢከራከሩም ውሳኔው አልተለወጠም። ጥቂት ቆይቶ ጆ ሞርጋን መትቶ ጄሮኒሞን አስገባ፤ ሲንሲናቲ 6 ለ 5 አሸነፈች። ባርኔት ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ ደርሶታል። ሲንሲናቲ ሲሪሱን 4 ለ 3 ወሰደች። ፊስክ ደግሞ ከሳምንት በኋላ በስድስተኛው ጨዋታ በመታው የማሸነፊያ ምት ይበልጥ ይታወሳል።

ነገሩን በጥንቃቄ ሲያዩት የአርምብሪስተር ግጭት የመቺ ማደናቀፍ አልነበረም፤ ቢፈረድም በሌላ አንቀጽ ነበር። ኳሷ በዱላው ከተነካችበት ቅጽበት ጀምሮ እሱ መቺ መሆኑ ቀርቶ ሯጭ ሆኗል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ለመሥራት ከአንድ ጠባብ ቦታ ይነሳሉ፤ አንዱ ኳስ ሊያነሳ፣ ሌላው ወደ አንደኛ ቤዝ ሊሮጥ። የዛሬው የሕግ መጽሐፍ ማብራሪያ ተቀባዩ ኳስ ሲያነሳና መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሄድ ቢጋጩ በጥቅሉ ጥፋት እንደሌለና ምንም መፈረድ እንደሌለበት ይገልጻል። በዚህ ዓይን የባርኔት ዝምታ የሚደገፍ ነው። የቦስተን ሰዎች መልስ አርምብሪስተር አልሄደም፣ ቆሟል የሚል ነበር፤ ምስሉን ያየ ሰው ይህንንም በቀላሉ አይጥለውም።

ከሌሎች ጥፋቶች ጋር ያለው ልዩነት

የተቀባይ ማደናቀፍ የዚህ ግልባጭ ነው። የተቀባዩ ጓንት የመቺውን ዱላ ከነካ መቺው አንደኛ ቤዝ ይሰጠዋል። በ2017ቱ የዋሽንግተን ጨዋታ ከባዬዝ ቀጥሎ የገባው መቺ በዚሁ ምክንያት ቤዝ አግኝቷል፤ ዊተርስ በተከታታይ ሁለት መቺዎች ላይ በሁለቱም የማደናቀፍ ዓይነቶች መሃል ገባ ማለት ነው።

ወደ አንደኛ ቤዝ የሚሮጠው መቺ ከተሰመረለት መንገድ ወጥቶ ውርወራን ሲያደናቅፍ የሚፈረደውም የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዎርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የዋሽንግተኑ ትሬ ተርነር በዚህ ሕግ አውት ተብሎ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በተቃውሞው ከሜዳ ተባሯል። ከ2024 ጀምሮ ያ መንገድ እስከ ሜዳው ሣር ጠርዝ እንዲሰፋ ተደርጓል።

ቪዲዮና መዝገብ

ሜጀር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2014 የቪዲዮ ዳኝነትን ቢያሰፋም፣ የመቺ ማደናቀፍ ለዳኛው ሚዛን የተተወ ውሳኔ ነው፤ አሰልጣኝ በቪዲዮ ይታይልኝ ብሎ ሊሞግተው አይችልም። ዳኞቹ እርስ በርስ መመካከር ግን ይችላሉ። ከ2023 ጀምሮ ቤዞቹ ሲተልቁና ወርዋሪው ሯጩን ለማስፈራራት የሚያደርገው ሙከራ ሲገደብ፣ የተሰረቁ ቤዞች በ2022 ከነበሩት 2,486 ወደ 3,503 ከፍ ብለዋል፤ ተቀባዮችም ከመቺ ትከሻ አጠገብ የሚወረውሩበት ጊዜ በዚያው ልክ በዝቷል።

በጨዋታ መዝገብ ላይ፣ በማደናቀፍ የወጣ መቺ ያስወጣው ተቀባዩ ተደርጎ ይጻፋል፤ ሯጩም ወደነበረበት ስለሚመለስ የተሰረቀ ቤዝ አይመዘገብለትም። የመቺው መውጣት ሦስተኛው አውት ከሆነ ቀጣዩን ኢኒንግ የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ሯጩ በውርወራው ተይዞ ሦስተኛ አውት ከሆነ ግን ያው መቺ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል።